ከፓሪስና ከአካባቢዋ የጎቲክ ካቴድራሎች የትኛውን መምረጥ ይሻላል? የንጽጽር መመሪያ

ፓሪስን የሚጎበኝና ለመካከለኛው ዘመን አብያተ ክርስቲያናት አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ የፓሪሱን ካቴድራል ኖትር ዳምን አይቶ ይመለሳል። ይህ መጥፎ ምርጫ ነው ለማለት ባልደፍርም በቂ ነው ብዬ ግን አላምንም፤ ምክንያቱም ጎቲክ የሚባለው የሕንፃ ጥበብ የተወለደበትን፣ የበሰለበትንና ከአቅሙ በላይ ተንጠራርቶ የወደቀበትን ቦታ ሁሉ ከፓሪስ በባቡር ከአንድ ሰዓት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ደርሶ ማየት ይቻላል። በፓሪስ ሰሜን ዳርቻ የሚገኘው የሳን ዴኒ ገዳም ቤተ ክርስቲያን አዲሱ የመዘምራን ክፍል (በመንበሩ ዙሪያ ያለው የምሥራቁ ክፍል) ከተባረከበት ከ1144 አንሥቶ የቦቬ ካቴድራል ጣሪያ እስከተደረመሰበት እስከ 1284 ድረስ ያለው ዘመን 140 ዓመት ብቻ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚነጻጸሩት የሻርትር፣ የአሚየን፣ የቦቬ፣ የራንስ፣ የሳን ዴኒና የፓሪስ ሕንፃዎች ሲሆኑ፣ ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ በሙሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ለመምረጥ የሚረዱ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ ጎብኚው በይበልጥ ማየት የሚፈልገው ባለቀለም መስታወት ነው፣ የድንጋይ ቅርጽ ነው ወይስ የሕንፃው ስፋትና ከፍታ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ዛሬ ከሚታየው ውስጥ በእርግጥ የመካከለኛው ዘመን የሆነው ምን ያህሉ ነው የሚለው ሲሆን፣ የጉብኝት ጽሑፎች ብዙ ጊዜ የሚያልፉት ይህንኑ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድመዋለሁ። ሦስተኛው ጊዜና ድካም ነው፤ በዚህ ረገድ በስድስቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰዎች ከሚያስቡት ያነሰ ነው።

ወደ ንጽጽሩ ከመግባታችን በፊት ሁሉም የተጋሩትን ችግር መረዳት ያስፈልጋል። ከጎቲክ በፊት በነበረው የሮማኔስክ አሠራር፣ ክብ ቅስት ያለው የድንጋይ ጣሪያ ክብደቱን ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ስለሚገፋ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱም ትንሽ መሆን ነበረበት። የሰሜን ፈረንሳይ ግንበኞች ሹል ቅስትን፣ በተሻጋሪ የድንጋይ ጎድኖች ላይ የሚያርፍ ጣሪያንና ከውጭ በኩል በአየር ላይ ተዘርግተው ግድግዳውን የሚደግፉ ቅስቶችን አንድ ላይ በማዋላቸው፣ ግፊቱ በተወሰኑ ምሰሶዎች ላይ ብቻ እንዲያርፍ አደረጉ፤ ጎጆ ወደ ውጭ እንዳይዘም ባላ እንደሚደገፍበት ማለት ነው። በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ግድግዳ ከሸክም ነጻ ስለወጣ በመስታወት ሊተካ ቻለ። ከእነዚህ ውስጥ ሹል ቅስት በእስልምናው ዓለም ቀድሞ የታወቀ ነበር፤ ጎድን ያለው ጣሪያም በእንግሊዝ አገር በ1093 ግንባታው በተጀመረው በደርሃም ካቴድራል ይገኛል። አዲሱ ነገር ቅንጅቱ ነበር።

ሻርትር፦ መስታወት ለማየት የሚሄድ ሰው ምርጫ

ጎብኚው የሚፈልገው መስታወት ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትቶ ሻርትር ይሂድ። ከፓሪስ ሞንፓርናስ ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ ካቴድራሉም ከጣቢያው በእግር ቅርብ ነው። ከ2,500 ካሬ ሜትር በላይ የሚሸፍነው መስታወት አብዛኛው የ12ኛውና የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ሲሆን፣ በዚህ መጠንና በዚህ የተሟላ ይዞታ የቆየ የዘመኑ መስታወት በአውሮፓ ሌላ ቦታ አይገኝም ማለት ይቻላል። በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች መስታወቶቹ እየተነቀሉ ወደ ደኅና ስፍራ መወሰዳቸው ለመትረፋቸው ዋናው ምክንያት ነው።

የሕንፃው ታሪክ ከአንድ ቃጠሎ ጋር የተያያዘ ነው። እመቤታችን ማርያም ጌታን ስትወልድ ለብሳው ነበር የሚባለውን ልብስ፣ ንጉሥ ሻርል መላጣው በ9ኛው ክፍለ ዘመን ለሻርትር እንደሰጠ ይነገራል፤ ከተማዋም በዚህ ምክንያት ታላቅ የተሳላሚዎች መዳረሻ ሆነች። በሰኔ 1194 እሳት ካቴድራሉን ሲበላው ሕዝቡ ልብሱም አብሮ የጠፋ መስሎት አዘነ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን በምድር ቤቱ ከልብሱ ጋር ተጠልለው የነበሩ ካህናት ይዘውት ወጡ። ይህ የእመቤታችን ፈቃድ ምልክት ነው ተብሎ ስለታመነ ገንዘብና ጉልበት ከየአቅጣጫው ጎረፈ፤ ዋናው ሕንፃም በ30 ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ቆመ፤ በ1260 ደግሞ ተባረከ። የግንባታው ፍጥነት ለተመልካች ትልቅ ጥቅም አለው፤ ብዙ ካቴድራሎች የብዙ ትውልዶች ሐሳብ የተደራረበባቸው ሲሆኑ፣ የሻርትር የውስጥ ክፍል ግን ከአንድ አሳብ የወጣ ይመስላል።

ከእሳቱ የተረፉት ክፍሎች ልዩ ትኩረት ይገባቸዋል። በምዕራብ በኩል ያለው የንጉሥ ደጃፍ የሚባለው ባለ ሦስት በር ቅርጽ ከ1145 እስከ 1155 ባሉት ዓመታት ገደማ የተሠራ ሲሆን፣ ቀጥ ብለው እንደ ዓምድ የቆሙት የብሉይ ኪዳን ነገሥታትና ንግሥታት ምስሎች የጎቲክ ሐውልት ገና ከሮማኔስክ ሲለይ የነበረውን መልክ ያሳያሉ። ከበላዩ ያሉት ሦስት ረጃጅም መስኮቶችም ከቃጠሎው በፊት የነበሩ ናቸው፤ በደቡብ በኩል ያለችው ሰማያዊ ልብስ የለበሰች የማርያም ምስል ደግሞ ከእሳቱ ተርፋ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አዲስ መስታወት መካከል እንደገና የተተከለች ናት። በብዙዎቹ መስኮቶች ግርጌ ዳቦ ጋጋሪዎች፣ ቆዳ ነጋዴዎች፣ ድንጋይ ጠራቢዎችና ጫማ ሠሪዎች በሥራ ላይ እንዳሉ ተሥለዋል። እነዚህ ባለሙያዎች የመስኮቶቹን ዋጋ በእርግጥ ከፍለዋል ወይስ አልከፈሉም በሚለው ላይ ሊቃውንት እስካሁን ይከራከራሉ፤ ያም ሆነ ይህ የ13ኛውን ክፍለ ዘመን የሥራ መሣሪያና አለባበስ ለማጥናት ከዚህ የተሻለ ምንጭ ማግኘት ያስቸግራል።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። አንደኛ፣ ከ2009 ጀምሮ በተደረገው ጽዳትና እድሳት ለዘመናት በጢስና በአቧራ የጠቆረው ግድግዳ ወደ ነጣ ያለ የክሬም ቀለም ተመልሷል። ሥራውን የመሩት ባለሙያዎች ይህ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ቀለም ነው ሲሉ፣ ተቃዋሚዎች ደግሞ ጨለማው ለመስታወቱ ይሰጠው የነበረው ድምቀት ጠፋ ይላሉ። እኔ ወደ መጀመሪያዎቹ አደላለሁ፤ ጨለማው የሻማና የምድጃ ጢስ ሥራ እንጂ የግንበኞቹ ሐሳብ አልነበረም። ሁለተኛ፣ በወለሉ ላይ ያለውና 13 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጥምዝምዝ መንገድ ብዙውን ጊዜ በወንበር የተሸፈነ ነው፤ በተለምዶ የሚከፈተው ከካቶሊኮች ዐቢይ ጾም አንሥቶ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ዓርብ ዓርብ ነው። ለእርሱ ብሎ የሚሄድ ቀኑን ይምረጥ።

መቅደሱ በመጋረጃ ተከልሎ ማየት ለለመደ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ከምዕራቡ በር እስከ መንበሩ ድረስ ያለ መሰናክል የሚታየው ባዶ ስፋት የመካከለኛው ዘመን አይደለም። በዚያ ዘመን በምእመናኑና በካህናቱ መካከል በቅርጽ ያጌጠ የድንጋይ ግድግዳ ይቆም ነበር፤ ተራው ሰው ቅዳሴውን የሚከታተለው በአብዛኛው በጆሮው ነበር። የሻርትሩ ግድግዳ የፈረሰው በ1763 ነው። የሌሎቹም ዕጣ ከዚህ ብዙ አይለይም።

አሚየንና ቦቬ፦ ከፍታና ስፋት

ሕንፃን እንደ ሕንፃ ለማየት የሚፈልግ፣ ማለትም ድንጋዩ እንዴት እንደቆመ የሚጠይቅ ሰው፣ ወደ ሰሜን ይሂድ። ለሁለቱም ከተሞች ባቡሩ የሚነሣው ከፓሪስ ሰሜን ጣቢያ፣ ከጋር ዱ ኖር ነው።

የአሚየን ካቴድራል በ1220 በጳጳስ ኤቭራር ደ ፉይዋ ዘመን ተጀመረ። የመጀመሪያው ዋና ግንበኛ ሮቤር ደ ሉዛርሽ ሲሆን፣ ከእርሱ በኋላ ቶማ ደ ኮርሞንና ልጁ ርኖ ሥራውን ቀጠሉ፤ ስማቸው በወለሉ ላይ በ1288 በተሠራው ጥምዝምዝ መንገድ መካከል በመጻፉ እስከ ዛሬ ይታወቃል። የውስጡ ከፍታ 42.3 ሜትር፣ የውጭ ርዝመቱ 145 ሜትር ነው፤ በይዘቱ ከፈረንሳይ የመካከለኛው ዘመን ካቴድራሎች ሁሉ ትልቁ ነው። የምእመናኑ ክፍል ቁመቱ የስፋቱን ሦስት እጥፍ ያህል በመሆኑ፣ በምዕራቡ በር ገብቶ ቀና የሚል ሰው ዓይኑ የሚያርፍበት አግድም መስመር አያገኝም፤ ከመሬት እስከ ጣሪያ የሚዘልቁት ቀጫጭን ዓምዶች ዓይኑን ይዘውት ይወጣሉ። የሻርትር ብርሃን ሰማያዊና ጥልቅ ሲሆን፣ የአሚየን ብርሃን ነጭና ግልጽ ነው፤ ምክንያቱ ግን የሚያሳዝን ነው፤ የዘመኑ መስታወት አብዛኛው ጠፍቷል።

ይህን ሁሉ ድንጋይ የከፈለው ማን ነው? በከፊል ዋይድ የሚባል ሰማያዊ ማቅለሚያ የሚሰጥ ተክል ነው። የአሚየን ነጋዴዎች በዚህ ተክል ንግድ በልጽገው ነበር፤ በደቡብ በኩል በውጭው ግድግዳ ላይ ሁለት ነጋዴዎች የዋይድ ከረጢታቸውን ይዘው ተቀርጸው ይታያሉ። ሌላው የገቢ ምንጭ የተሳላሚዎች ስጦታ ነበር፤ በአራተኛው የመስቀል ጦርነት ቁስጥንጥንያ ከተዘረፈች በኋላ የመጥምቁ ዮሐንስ ራስ ነው ተብሎ የሚከበር ቅዱስ ዐፅም በ1206 ወደ አሚየን መጣ። የግሪኮች ኪሳራ ለፈረንሳይ ካቴድራል የግንባታ ገንዘብ ሆነ ማለት ነው፤ የጉብኝት ጽሑፎች ይህንን ለስለስ አድርገው ያልፉታል።

በምዕራቡ ፊት ያሉት ሐውልቶች በአንድ ዘመን፣ በአንድ ዕቅድ የተሠሩ ናቸው፤ በመካከለኛው በር ላይ እየባረከ የቆመው ክርስቶስም ከዘመኑ ሥራዎች እጅግ ከሚደነቁት አንዱ ነው። በ1990ዎቹ በጨረር በተደረገው ጽዳት ሐውልቶቹ በቀይ፣ በሰማያዊና በወርቅ ቀለም የተቀቡ እንደነበሩ የሚያሳይ ምልክት ተገኘ፤ በጁላይ፣ በኦገስትና በዲሴምበር ምሽቶች የሚቀርበው የብርሃን ትርኢትም ይህንን ቀለም በድንጋዩ ላይ መልሶ ያሳያል። የመካከለኛው ዘመን ካቴድራል ግራጫ ነበር ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ቢያይ ሐሳቡን ይለውጣል።

አሚየን ግን የጥንካሬን ዳር የነካ ሕንፃ ነው። ምሰሶዎቹ በግፊት መጉበጥ በመጀመራቸው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በውስጠኛው የላይኛው መተላለፊያ ዙሪያ የብረት ሰንሰለት ታሰረ፤ ሰንሰለቱ ዛሬም ሥራውን ይሠራል። ዳሩን ነክተው ሳይሆን አልፈው የሄዱት የቦቬ ሰዎች ናቸው። በ1225 የጀመሩት ካቴድራል ጣሪያው 48 ሜትር ያህል ከፍ ስላለ በጎቲክ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ አቻ የለውም። የመዘምራኑ ክፍል በ1272 ተጠናቀቀ፤ 12 ዓመት ቆይቶ በ1284 የጣሪያው ክፍል ወረደ። ሲጠግኑት በምሰሶዎቹ መካከል ተጨማሪ ምሰሶ አስገቡ፤ ጎብኚው ልብ ብሎ ቢመለከት የቅስቶቹ መጥበብ የት እንደ ጀመረ ራሱ ሊለየው ይችላል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መስቀለኛው ክንፍ ከተሠራ በኋላ ገንዘቡ የምእመናኑን ክፍል ለመሥራት መዋል ሲገባው 153 ሜትር የሚደርስ ማማ ተሠራበት። በ1569 ያለቀው ማማ ሚያዝያ 30 ቀን 1573፣ በዕርገት በዓል፣ ሕዝቡ ለዑደት ወጥቶ ሳለ ተደረመሰ። የምእመናኑ ክፍል ፈጽሞ ስላልተሠራ፣ ሊሆንበት በታሰበው ስፍራ በ10ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ትንሹና ዝቅተኛው ቤተ ክርስቲያን አሁንም ቆሟል። ከግዙፉ ክፍል ጎን ስለሚታይ የሁለት ዘመናትን ልዩነት ያለ አስጎብኚ ያስረዳል።

ከሁለቱ አንዱን ለሚመርጥ ሰው መልሴ አሚየን ነው፤ የተሟላ ሕንፃ ነውና። ቀደም ሲል ሻርትርንና አሚየንን ያየ፣ ወይም በሙያው መሐንዲስ የሆነ ሰው ግን ቦቬን ያስቀድም፤ በውስጡ ዛሬ የሚታዩት የእንጨትና የብረት ድጋፎች አንዳንዶችን ቅር ቢያሰኙም ለእኔ ከጌጡ ሁሉ የበለጠ ይናገራሉ።

ራንስ፦ ነገሥታትና ሐውልቶች

ራንስ ለመድረስ ከሁሉ ፈጣን ነው፤ ከምሥራቅ ጣቢያ፣ ከጋር ደ ሌስት፣ በፈጣኑ ባቡር 45 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። የፍራንኮች ንጉሥ ክሎቪስ በቅዱስ ረሚ እጅ የተጠመቀው በዚህች ከተማ ነው፤ በዚህ ምክንያት የፈረንሳይ ነገሥታት ቅብዐ ንግሥና የሚቀበሉት በራንስ መሆኑ ሥርዓት ሆነ። ሻርል 7ኛ ሐምሌ 17 ቀን 1429 ዣን ዳርክ በተገኘችበት የነገሠውና የመጨረሻው ቅቡዕ ንጉሥ ሻርል 10ኛ በ1825 የነገሠው እዚሁ ነው። የዛሬው ሕንፃ በ1211 የተጀመረ ሲሆን፣ መስኮቶችን በቀጫጭን የድንጋይ ፍርግርግ መክፈል በመላው አውሮፓ የተስፋፋው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

የሐውልቶቹ ብዛት ከ2,300 ይበልጣል፤ በምዕራቡ በር አጠገብ የሚገኘው ፈገግ ያለው መልአክም ዝናው ከሕንፃው ጋር ይወዳደራል። ነገር ግን ሁለተኛው ጥያቄያችን እዚህ ላይ ይከብዳል። መስከረም 19 ቀን 1914 የጀርመን መድፍ ካቴድራሉን አቃጠለው፤ የጣሪያው እርሳስ ቀልጦ በዝናብ መውረጃዎቹ አፍ ፈሰሰ፤ የመልአኩም ራስ ወድቆ ተሰበረ፤ በኋላ ተጠግኖ ተመለሰ። አርክቴክቱ አንሪ ደኖ በእንጨቱ ጣሪያ ፈንታ የኮንክሪት ተሸካሚ ሠራ፤ ከእድሳቱ ወጪ ትልቅ ድርሻ አሜሪካዊው ባለጸጋ ሮክፌለር ሸፈነ፤ ሕንፃውም ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በ1938 ነው። በምሥራቁ ጫፍ ያሉት የማርክ ሻጋል መስታወቶች የ1974 ናቸው። ስለዚህ ራንስ የመካከለኛውን ዘመን ብቻ ለሚሻ ሰው አጥጋቢ ላይሆን ይችላል፤ የፈረንሳይን ታሪክ እስከ ዘመናችን በአንድ ሕንፃ ማንበብ ለሚፈልግ ግን ይስማማዋል። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ቻርለስ ደ ጎልና የምዕራብ ጀርመኑ መራሔ መንግሥት ኮንራድ አደናወር የሁለቱን አገሮች እርቅ ለማሳየት በ1962 አብረው ያስቀደሱትም እዚሁ በተቃጠለው ካቴድራል ውስጥ ነው።

ከፓሪስ ሳይርቁ፦ ኖትር ዳም፣ ሳንት ሻፔልና ሳን ዴኒ

ኖትር ዳም በ1163 በጳጳስ ሞሪስ ደ ሱሊ ዘመን የተጀመረ፣ የጣሪያው ከፍታ 33 ሜትር የሆነ ሕንፃ ነው። መግቢያው ነጻ ነው፤ ሰልፉ ግን ረጅም ነው። ከሚያዝያ 2019 ቃጠሎ በኋላ በዲሴምበር 2024 እንደገና ሲከፈት የእንጨት ጣሪያው በጥንቱ አሠራር ተሠርቶ፣ ግድግዳውም ጸድቶ ነበር። ጎብኚው ማወቅ ያለበት፣ ከማማዎቹ ላይ ከተማዋን ቁልቁል የሚመለከቱት ዝነኛ ጭራቆች የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈጠራ መሆናቸውን፣ በፊት ለፊቱ የተደረደሩት ነገሥታትም ቅጂ መሆናቸውን ነው። እውነተኞቹ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ራሳቸው ተቆርጦ ተጥለው ነበር፤ በ1977 የተገኙት 21 ራሶች በክሉኒ ሙዚየም ይታያሉ።

በጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ የምትርቀው ሳንት ሻፔል ከኖትር ዳም ይልቅ ለመስታወት ወዳጅ ትሻላለች። ንጉሥ ሉዊ 9ኛ ከቁስጥንጥንያው ላቲን ንጉሠ ነገሥት ለተረከበው የእሾህ አክሊል ማኖሪያ ያሠራት ስትሆን በ1248 ተባረከች፤ ለአክሊሉ የወጣው ገንዘብ ለሕንፃው ከወጣው በእጅጉ ይበልጥ ነበር። አሥራ አምስቱ መስኮቶች ግድግዳውን ተክተውታል። ትኬት ያስፈልጋል፤ በር ላይም ፍተሻ አለ። ወደ ሻርትር መሄድ ላልቻለ ሰው የተሻለው ምትክ ይህ ነው።

ሳን ዴኒ በሜትሮ 13ኛው መስመር ይደረሳል፤ ከኖትር ዳም ጋር ሲነጻጸር ጎብኚው ጥቂት ነው። ይህ አግባብ አይመስለኝም። አበ ምኔቱ ሱዤ፣ የሚታይ ብርሃን የሰውን ልቡና ወደማይታየው ብርሃን ያነሣል ከሚል እምነት ተነሥቶ የሠራው የምሥራቁ ዙሪያ መተላለፊያ ሰኔ 11 ቀን 1144 ንጉሡና በርካታ ጳጳሳት በተገኙበት ተባረከ፤ የኪነ ሕንፃ ታሪክ ጸሐፊዎች የጎቲክን መነሻ ከዚህ ይቆጥራሉ። ቀጫጭኖቹ ዓምዶችና አንዱ ከአንዱ ጋር የተያያዙት ጸሎት ቤቶች አሁንም አሉ፤ በላያቸው ያለው ክፍል ግን ከ1231 በኋላ እንደገና የተሠራ ነው። ከጥቂቶች በቀር የፈረንሳይ ነገሥታት ሁሉ የተቀበሩት እዚህ ሲሆን፣ በ1793 መቃብሮቹ ተከፍተው ዐፅሙ በጋራ ጉድጓድ ቢጣልም ከ70 በላይ የተጋደሙ የድንጋይ ምስሎች ተርፈዋል። ወደ ምእመናኑ ክፍል መግባት ነጻ ነው፤ መቃብሮቹንና የሱዤን መተላለፊያ ለማየት ግን ትኬት መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ያለ ትኬት ተመልሶ የሚወጣ ሰው የመጣበትን ነገር ሳያይ ሄደ ማለት ነው።

ሁለት ቀን ላለው ሰው ሻርትርንና አሚየንን በተለያዩ ቀናት፣ ሳን ዴኒን ደግሞ ከአሚየን ሲመለስ በቀረው ሰዓት እንዲያይ እመክራለሁ፤ ሁለቱም በፓሪስ ሰሜን በኩል ስለሆኑ መንገዱ ይቀልለታል። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው የአየሩን ሁኔታ ይመልከት፤ ፀሐይ ከሆነ ሻርትር፣ ደመና ከሆነ አሚየን ይሻላል። በሻርትር የምዕራቡ መስኮቶች ከሰዓት በኋላ ስለሚደምቁ ጠዋት ሄዶ በቀትር መመለስ አያዋጣም። እሑድ ጠዋት በካቴድራሎቹ ቅዳሴ ስላለ እየተዘዋወሩ መጎብኘት ይከለከላል ወይም ይገደባል። የላይኞቹ መስኮቶች ከመሬት በጣም ስለሚርቁ አነስተኛ አቅራቢ መነጽር መያዝ ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ ይጠቅማል።